የባሕር ዳርቻው ኮንዶ ኪሳችንን እያራቆተው ነው፤ እንሽጠው ወይስ እንጠብቅ?

ጥያቄ፦

«ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቻችን ጋር የምንኖረው ፍሎሪዳ፣ ታምፓ አካባቢ ነው። እኔ ሆስፒታል ውስጥ የሌሊት ፈረቃ እሠራለሁ፤ እሱ ትራክ ይነዳል። የምንኖርበትን ቤት የገዛነው በ2017 ነው፤ በ2021 ሪፋይናንስ አድርገን ወለዱን ወደ 2.9 በመቶ አውርደነዋል። በ2022 ጸደይ ደግሞ ሴንት ፒተርስበርግ ከባሕሩ አጠገብ፣ በ1970ዎቹ ከተሠራ ሕንፃ ላይ አንድ ኮንዶ በ310 ሺህ ዶላር ገዛን። 62 ሺህ ዳውን ፔይመንት ያገኘነው በመኖሪያ ቤታችን ላይ ሂሎክ (ቤቱን አስይዞ የሚወሰድ ብድር) አውጥተን ነው፤ ቀሪው በ5.5 በመቶ ሞርጌጅ ነው። ለእረፍት የሚመጡ ሰዎች እየተከራዩት ራሱን ይከፍላል ብለን ነበር። በዚያው ዓመት ትልቅ መኪናና ትንሽ ጀልባ በብድር ገዛን፤ ለሁለቱ በወር 1,150 ዶላር እንከፍላለን።

ከ2024ቱ ሁለት ማዕበሎች በኋላ የእረፍት እንግዳ ጠፋ። አሁን አንድ ተከራይ በወር 1,900 ይከፍለናል። የእኛ ወጪ ግን ሞርጌጁ፣ የማኅበሩ ክፍያ፣ ታክሱና ኢንሹራንሱ ሲደመር 2,760 ነው። በዚህ ላይ ለሕንፃው እድሳት የ24 ሺህ ዶላር ስፔሻል አሴስመንት (ከወርሃዊው ክፍያ በላይ የሚጠየቅ ልዩ መዋጮ) መጣብን። የእኛን የሚመስል ኮንዶ በቅርቡ በ240 ሺህ ተሸጧል፤ የእኛ ቀሪ ዕዳ 236 ሺህ ነው። ክሬዲት ካርዶቻችን 19 ሺህ ደርሰዋል።

ባለቤቴ የጡረታ ቁጠባውን አውጥቶ፣ ዕቁባችንንም ቀድመን ተቀብለን፣ ዋጋው እስኪመለስ እንያዘው ይላል። በየፋሲካውና በየሰመሩ ከቨርጂኒያና ከአትላንታ ወዳጅ ዘመድ እየመጣ ያርፍበት ስለነበር ‹ሸጥን ስንል ምን ይሉናል?› ይለኛል። እኔ እንሽጠው ባይ ነኝ። አዲስ አበባ ላለው ወንድሜም በየወሩ 300 ዶላር እልካለሁ፤ እሱንስ ላቁም? ከ19 ሺሁ ውስጥ 6,500 ያለበትን ካርድ ባለቤቴ አያውቀውም።»

መልስ፦

እህቴ፣ የጠየቅሽኝ ስለ ቤቱና ስለ ወንድምሽ ነው። እኔ ግን የምጀምረው ከደብዳቤሽ የመጨረሻ መስመር፣ ባለቤትሽ ከማያውቀው ካርድ ነው።

የሚኮራበትን ቤት እንሽጠው ልትዪው ነው። ሽያጩ ካለቀ በኋላ ካርዱን ቢደርስበት ሁለቱን ነገር ያገናኛቸዋል። «ለካ ቤቱን ያሸጠችኝ የራሷን ዕዳ ልትሸፍን ነው» ይላል። ያኔ ስሌትሽ ትክክል መሆኑ ምንም አይጠቅምሽም። ስለዚህ ስለ ኮንዶው ከመነጋገራችሁ በፊት ካርዱን ንገሪው።

ጊዜውን ምረጪ። ከሌሊት ፈረቃ ወጥተሽ እንቅልፍ እያንገላታሽ አይሁን። እሱም ከረጅም መንገድ እንደገባ አይሁን። ሁለታችሁም ያረፋችሁበት፣ ልጆቹ የሌሉበት ሰዓት ፈልጊ፤ ስቴትመንቱን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጪና «ይህን ያህል አለብኝ፤ ከዚህ ወር ጀምሮ ነው፤ ለዚህ ለዚህ ነው ያወጣሁት፤ ያልነገርኩህ ፈርቼ ነው» በይው። ለአስቤዛ ይሁን ለልጆች ወይም ለሌላ ነገር፣ አልጻፍሽልኝም። ምንም ይሁን ምን ሳትቀንሺ ንገሪው። መቆጣቱ አይቀርም፤ ጥቂት ቀንም ሊያኮርፍ ይችላል። ከዚያ በኋላ ግን እሱም የሚነግርሽ ነገር ቢኖር አይግረምሽ። ትራክ የሚነዳ ሰው ብቻውን ብዙ ሰዓት ያስባል። የጡረታ ገንዘቤን ላውጣ ያለ ሰው ደግሞ ጭንቀቱ ትንሽ አይደለም።

አሁን ወደ ኮንዶው እንምጣ። እኔም ሽጡት ነው የምለው።

በወር 1,900 ይገባል፣ 2,760 ይወጣል። ጉድለቱ 860 ነው፤ በዓመት ከ10 ሺህ ዶላር ይበልጣል። እርግጥ ከሞርጌጁ ክፍያ በወር 320 ዶላር ገደማው ዋናውን ዕዳ ስለሚቀንስ ሁሉም በከንቱ አይሄድም። ባለቤትሽ ይህን ቢያነሳ እውነቱን ነው። ግን 860ው ከየት ነው የሚመጣው? ደሞዛችሁ ቢበቃ ኖሮ ካርዱ 19 ሺህ ባልደረሰ ነበር። የካርዶቹን ወለድ 22 በመቶ ብለን ብናስብ፣ 19 ሺሁ በየወሩ ወደ 350 ዶላር ወለድ ብቻ ይበላል። የ5.5 በመቶ ብድር ለመክፈል በ22 በመቶ እየተበደራችሁ ነው። ይህን አንድ ቁጥር ለብቻው ወረቀት ላይ ጻፉትና አብራችሁ እዩት።

ሂሎኩን እዚህ ስሌት ውስጥ አላስገባሁትም፤ ኮንዶው ቢሸጥም ባይሸጥም እሱ አብሯችሁ ይቆያል። ግን ስንት እየከፈላችሁ እንደሆነ ተመልከቱት፤ ወለዱ ብዙ ጊዜ ከገበያው ጋር ከፍና ዝቅ የሚል ነው። ባንኮች መነሻ የሚያደርጉት ፕራይም ሬት በ2022 መጀመሪያ 3.25 በመቶ ነበር፤ በ2023 ጁላይ 8.5 ደረሰ። ከዚያ ወዲህ ቢቀንስም፣ በ2022 የፈረማችሁበት ሂሳብ ዛሬ ሌላ ሆኗል።

«መጀመሪያውኑ ለምን ገዛን?» ብለሽ ግን አትውቀሺው። በ2021 የሠላሳ ዓመት ሞርጌጅ ወለድ ከ3 በመቶ በታች ወርዶ ነበር። ከሌላ ስቴት ወደ ፍሎሪዳ የሚጎርፈው ሰው ብዙ ነበር፤ ዋጋውም በየወሩ ይጨምር ነበር። በ2022 የገዛ ሰው ሁሉ ያየው ይህንኑ ነው። በኋላ ኮንዶዎቹን የጎዳቸው ነገር ከእናንተ አቅም ውጪ ነው። ጁን 24 ቀን 2021 ማያሚ አጠገብ ሰርፍሳይድ ላይ ባለ 12 ደርብ የኮንዶ ሕንፃ ሌሊት ተደርምሶ 98 ሰው ሞተ። በፊት ነዋሪዎች በድምፅ ብልጫ የእድሳት መጠባበቂያ ገንዘብ ማዋጣቱን ይተዉት ነበር፤ ወርሃዊ ክፍያው ዝቅ ያለው በዚህ ነበር። ከአደጋው በኋላ በ2022 የወጣው ሕግ ይህን አስቀረ። ሦስት ደርብና ከዚያ በላይ ሆኖ 30 ዓመት የሞላው ሕንፃ በመሐንዲስ ይመረመራል፤ ለጣሪያ፣ ለምሰሶና ለመሳሰሉት የሚሆን መጠባበቂያም ይቀመጣል። በ2025 ጥቂት ቢላላም መሠረቱ አልተለወጠም። ለአሥርተ ዓመታት ሳይዋጣ የቀረው ገንዘብ በአንዴ የተጠየቀው በዛሬዎቹ ባለቤቶች ላይ ነው። እናንተ ላይም የወደቀው እሱ ነው።

ኢንሹራንሱም ሌላ ሸክም ሆነ። ከ2021 ጀምሮ ፍሎሪዳ ውስጥ ብዙ የቤት ኢንሹራንስ ኩባንያዎች ከስረው ተዘጉ። ሲቲዝንስ የሚባለው፣ ሌላ አማራጭ ላጣ ሰው ስቴቱ ያቋቋመው ኢንሹራንስ፣ በ2023 ከ1.3 ሚሊዮን በላይ ደንበኛ ተሸክሞ ነበር። ከዚያ በሴፕቴምበር 2024 ሄሊን የሚባለው ማዕበል፣ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ደግሞ ሚልተን መጣ። ይህን የምዘረዝርልሽ ለባለቤትሽ እንድትነግሪው ነው። ሞኝ እንደሆነ የተሰማው ሰው ያንን ስሜት ለማስተባበል ሲል ብቻ ቤቱን ሙጭጭ ይላል። እሱ ሞኝ አልነበረም። ዛሬ ግን ቁጥሩ ሌላ ነው።

«ዋጋው ይመለሳል» ለሚለው፣ ሊመለስ ይችላል። ጥያቄው እስከዚያ ድረስ በምን ትከፍላላችሁ ነው። ከ2006 በኋላ የፍሎሪዳ ቤት ዋጋ ሲወድቅ፣ በታምፓና በማያሚ ወደ ነበረበት ለመመለስ ከአሥር ዓመት በላይ ወስዷል። ያኔ መነሻው የተበላሸ ብድር ነበር፤ የዛሬው ይለያል፣ እንደዚያ ይወድቃል ማለቴም አይደለም። ግን እንደ እናንተ ባለው ያረጀ ሕንፃ ላይ አንድ ተጨማሪ ችግር አለ። ዋና እድሳቱ ያልተሠራ ወይም መጠባበቂያው ያልሞላ ሕንፃ ከሆነ፣ ከባንኮች የቤት ብድር የሚገዛው ፋኒ ሜይ የሚባለው ድርጅት ብድሩን ስለማይገዛ ብዙ ባንኮች ለገዢ አያበድሩም። ያኔ ገዢ የሚሆነው ጥሬ ገንዘብ ያለው ሰው ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ዋጋ ሰብሮ ነው የሚገዛው።

ስለዚህ የፊታችን ሳምንት ለሕንፃው ማኅበር ኢሜይል ጻፉ። የምርመራ ሪፖርቱን፣ የመጠባበቂያ ጥናቱንና የዘንድሮውን በጀት ጠይቁ። ባለቤት ስለሆናችሁ የማየት መብት አላችሁ። የምትፈልጉት አንድ መልስ ነው፤ 24 ሺሁ የመጨረሻው ነው ወይስ ሌላ ዙር አለ? ሌላ ዙር ካለ ክርክሩ አለቀ፣ ዛሬውኑ ገበያ ላይ አውጡት። የመጨረሻው ከሆነና እድሳቱ ካለቀ ለባለቤትሽ ሐሳብ ትንሽ ክብደት ይጨምርለታል። አሴስመንቱን በየወሩ ከፋፍሎ መክፈል ይቻል እንደሆነም አብራችሁ ጠይቁ፤ ብዙ ማኅበር ይፈቅዳል።

ቢሸጥ እንዲህ ነው። 240 ሺህ ቢያወጣ፣ የኤጀንትና የመዝጊያ ወጪ ወደ 16 ሺህ ብንለው 224 ሺህ ይቀራል። 236 ሺሁን ለመዝጋት 12 ሺህ ይጎድላችኋል። አሴስመንቱን ማን ይክፈል የሚለው ከገዢው ጋር የምትደራደሩበት ነው፤ በከፋው ሁሉም በእናንተ ላይ ይወድቃል። የሚያም ቁጥር ነው። ግን አንዴ የሚያም ነው፤ 860ው በየወሩ ነው። ሲሸጥ የሚደርሰውን ኪሳራ ደግሞ ታክስ ለሚሠራላችሁ ባለሙያ አሳዩ። የሚኖሩበት ቤት ሲከስር ከታክስ አይቀነስም፤ የሚያከራዩት ከሆነ ግን ሊታሰብ ይችላል።

ጉድለቱን መሙላት ጭራሽ ካልቻላችሁ፣ ባንኩ ከዕዳው በታች እንዲሸጥ የሚፈቅድበት ሾርት ሴል አለ። እሱን ያለ ጠበቃ አትጀምሩት። ፍሎሪዳ ውስጥ ባንክ የቀረውን ዕዳ በፍርድ ቤት ሊጠይቅ ስለሚችል፣ «ቀሪውን ትቻለሁ» የሚል ጽሑፍ ከባንኩ መያዝ አለባችሁ። ክፍያ ከመቋረጡ በፊትም ባንኩን አነጋግሩ። ባንክ ፎርክሎዠር (ቤቱን በዕዳ መውሰድ) ከመጀመሩ በፊት 120 ቀን እንዲጠብቅ የሚያደርገው የፌዴራል ደንብ የሚኖሩበትን ቤት እንጂ የምታከራዩትን አይሸፍንም።

12 ሺሁ ከየት ይምጣ? ከጡረታ ቁጠባው አይምጣ። ፎር ኦ ዋን ኬ የሚባለውን የጡረታ ቁጠባ ከ59 ዓመት ተኩል በፊት ያወጣ ሰው በአብዛኛው 10 በመቶ ቅጣትና የገቢ ግብር ይከፍላል። እንደ ገቢያችሁ ከአምስት አንድ እጁ እስከ ሦስት አንድ እጁ መንገድ ላይ ይቀራል። ደግሞም ያ ገንዘብ እዚያው እስካለ ድረስ የካርድ ኩባንያ ሊነካው አይችልም፤ ሕግ ይጠብቀዋል። እናንተ ራሳችሁ አውጥታችሁ ለምን ትሰጧቸዋላችሁ?

የመኖሪያ ቤታችሁም እንዲሁ ነው። የፍሎሪዳ ሕገ መንግሥት የምትኖሩበትን ቤት ከካርድ ዕዳ ይጠብቃል፤ የካርድ አበዳሪ ከሶ ቤታችሁን ሊያሸጥ አይችልም። ያንን የካርድ ዕዳ ወደ ሂሎክ ብታዞሩት ግን ጥበቃው ይቀራል፤ ባንኩ ቤታችሁን በመያዣነት ይዟልና። ወለዱ ቀንሶ ሲታይ ያጓጓል። እባካችሁ አታድርጉት። የ2.9 በመቶውን ሞርጌጅ «ሪፋይናንስ አድርገን ጥሬ ገንዘብ እንስጣችሁ» ብሎ የሚደውል ካለም ስልኩን ዝጉበት። እንዲህ ያለ ወለድ ድጋሚ ማግኘት ከባድ ነው።

ዕቁቡን በተመለከተ ጠንከር ብዬ ልናገር። ዕጣ ቀድሞ መቀበል ማለት እስከ ዙሩ መጨረሻ ከወዳጅ መበደር ማለት ነው። ባንክ ስትዘገዩ ደብዳቤ ይጽፋል። ዕቁብ ላይ ስትዘገዩ ግን ዳኛው ይጨነቃል፤ ገንዘቡን ለልጁ ኮሌጅ ያሰበው ሰው ይጎዳል፤ እናንተም በሳምንቱ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ያሳፍራችኋል። በወር 860 የሚጎድለው ቤተሰብ ዕቁብ ቀድሞ ወስዶ ለመጣሉ እርግጠኛ አይደለም። ዕጣችሁ በተራው ከወጣ ግን ሳታመነቱ ከፍተኛ ወለድ ያለበትን ካርድ ዝጉበት።

12 ሺሁ መምጣት ያለበት ከጀልባውና ከመኪናው ነው። ለእነሱ በወር 1,150 ትከፍላላችሁ፤ ይህ ብቻ ከኮንዶው ጉድለት ይበልጣል። ለሁለቱም አበዳሪዎች ደውላችሁ ዕዳውን ለመዝጋት ስንት እንደሚያስፈልግ ጠይቁ፣ ከዚያ ዛሬ ስንት እንደሚያወጡ እዩ። ጀልባው ከዕዳው ትንሽ አንሶ ቢሸጥ እንኳ ወርሃዊው፣ ማቆሚያውና ኢንሹራንሱ ይቀርላችኋል። ትልቁን መኪና በደህና ያገለገለ ቶዮታ መተካት ይቻላል። ለሥራ የሚያስፈልጋችሁ መንቀሳቀሻ ነው፤ ማንም ሆስፒታል በምን መጣሽ አይልሽም።

እዚህ ጋ ባለቤትሽ «እንግዲያው እነዚህን ሸጠን ኮንዶውን እናቆየው» ሊል ይችላል። የማይናቅ ሐሳብ ነው። በጭፍኑ አትከልክዪው። ሪፖርቱ ሌላ ዙር እድሳት እንደሌለ ካሳየ፣ ስድስት ወር ስጪው። ቅድመ ሁኔታ ግን ይኑረው፤ ካርድ አይነካም፣ ጡረታ አይነካም፣ ከዕቁብ ቀድሞ አይወሰድም። በስድስት ወሩ ካርዶቹ ካልቀነሱ ይሸጣል፤ ቀኑን ዛሬ ጻፉት። እኔ አሁኑኑ መሸጡን እመርጣለሁ፤ ግን ሁለታችሁ የተስማማችሁበት ዕቅድ አንቺ ብቻሽን ከምትገፊው ይሻላል።

እስኪሸጥ ድረስ ኢንሹራንሱን እንዳታቋርጡ። ካቋረጣችሁ ባንኩ ራሱ ውድ ኢንሹራንስ ገዝቶ እናንተን ያስከፍላችኋል። የማዕበሉ ወቅት ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ነው፤ ከቻላችሁ ከዚያ በፊት ገበያ ላይ ብታወጡት ጥሩ ነው። ለካርዶቹ ደግሞ ለትርፍ ያልቆመ የብድር አማካሪ ፈልጉ፤ ለቤቱ ሐድ (የፌዴራሉ የቤቶች መሥሪያ ቤት) ዕውቅና የሰጠው አማካሪ አለ። «ዕዳችሁን በግማሽ እናስቀንሳለን» ብሎ ቀድሞ ክፍያ የሚጠይቅ ካለ ራቁት። በስልክ እንዲህ ያለ አገልግሎት የሚሸጥ ድርጅት ዕዳውን ሳያስቀንስ ክፍያ እንዳይወስድ የፌዴራል ደንብ ይከለክላል።

ባለቤትሽ የሚፈራው «ምን ይሉናል?» ቀላል ነገር አይደለም፤ አልንቀውም። ለአገሩ ልጅ ቁልፍ ሰጥቶ «ቤቱ ቤታችሁ ነው» ማለት ሰውን ደስ ያሰኛል። ለፋሲካ ከአትላንታ ስምንት ሰዓት ያህል ነድቶ የመጣ ቤተሰብ ጠዋት በረንዳው ላይ ቡና ሲያፈላ ማየት፣ ለፍቶ አዳሪ ሰው «እኔም ደረስኩ» የሚልበት ነው። ይህ ደስታ የተገዛው ግን በ22 በመቶ ወለድ ነበር፤ እንግዶቹ ይህን አያውቁም። ቢያውቁ ግማሾቹ ማረፊያውን ይከፍሉ ነበር ብዬ አምናለሁ። ለሚጠይቅ ሁሉ አጭር መልስ ይኑራችሁ፤ «ወጪው ከበደን፣ ሸጥነው።» ከዚህ በላይ ማብራሪያ አይጠበቅባችሁም። ሶፋችሁ ላይ የሚተኛ ይምጣ፤ ሆቴል የሚይዝም ይያዝ። ቀን ፎርት ደ ሶቶ ፓርክ ሄዳችሁ ልጆቹ ይዋኙ፣ ጥብሱም እዚያው ይጠበስ። ብዙ ሐበሻ ቤት ውስጥ ያንቺን የሚመስል ዕዳ አለ፤ አንድ ሰው ደፍሮ ሲናገር ሌላውም ይተነፍሳል።

ወንድምሽን አታቋርጪበት፤ ቀንሺ። መጀመሪያ 300ው ምን ምን ላይ እንደሚውል ጠይቂው። ለመድኃኒት ወይም ለትምህርት ቤት ክፍያ የሚሆነውን አትንኪ። ከጁላይ 29 ቀን 2024 ወዲህ ብር በገበያ ስለሚተመን በባንክ የምትልኪው ዶላር ከበፊቱ ከሁለት እጥፍ በላይ ብር ያወጣል። የአዲስ አበባ የኑሮ ዋጋ እንደዚያው መውጣቱን እሱ ካንቺ በላይ ያውቃል፤ ስለዚህ «አሁን እኮ ብዙ ብር ነው» አትበዪው። «ዕዳ አለብኝ፤ እስከ መስከረም 200 ነው የምችለው፤ ከዚያ እንነጋገራለን» በይው። ስልኩን የምትደውዪውም ገንዘቡ ጎድሎ ከመድረሱ በፊት ይሁን፤ የቤት ኪራዩን ወይም የልጆቹን ክፍያ በዚያ ልክ ማስተካከል እንዲችል።